የህንድና የምዕራብ ፍልስፍና ጎን ለጎን ሲጠና፣ ሎጂኩም ስነምግባሩም

ህንድ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና የሚማር ሰው ከመጀመሪያው ሁለት ሸክም ነው የሚሸከመው፣ በአንድ በኩል ከፕሌቶና ከአርስቶትል ተነስቶ በዴካርት በሂዩም አርጎ ካንት ጋ የሚደርሰው የምዕራቡ መስመር፣ በሌላ በኩል ደሞ በጥንቶቹ የህንድ ቋንቋዎች በሳንስክሪትና በፓሊ የተጻፈው የሀገሩ። ካልካታ፣ ቦምቤይና ማድራስ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1857 (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲመሰረቱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበርና ክላስ ውስጥ ቀድሞ ቦታ የያዘው የምዕራቡ ነው። የሀገሩ ፍልስፍና ግን ፓንዲት በሚባሉት የሳንስክሪት ሊቃውንት ዘንድ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው እየተከራከሩ ቀጠለ። ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ሰው ደክሟል፣ ኋላ የህንድ ፕሬዝዳንት የሆነው ራዳክሪሽናን አንዱ ነው፣ ከ1936 ጀምሮ ኦክስፎርድ ላይ የምስራቅ ሃይማኖቶችና ስነምግባር ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል።

የህንዱን ወገን ስንጀምር ስድስት የአስተሳሰብ ጎራዎች አሉ፣ ቬዳን (የህንድን ጥንታዊ ቅዱስ መጻህፍት) የሚቀበሉ፣ ኒያያ፣ ቫይሼሺካ፣ ሳምኪያ፣ ዮጋ፣ ሚማምሳ፣ ቬዳንታ። ቬዳን የማይቀበሉት ደሞ ቡድሂስቶች፣ ጃይኖችና ቻርቫካ የሚባሉት ቁስ አካላውያን ናቸው። ብዙ ሰው እዚጋ ይሳሳታል፣ ቬዳን መቀበልና ፈጣሪ አለ ብሎ ማመን አንድ ይመስለዋል፣ ግን የድሮዎቹ ሳምኪያና ሚማምሳ ቬዳን እየተቀበሉ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አያስፈልገንም የሚሉ ናቸው። ስለዚህ "የህንድ ፍልስፍና ማለት ሃይማኖት ነው፣ ሎጂክ ያለው ምዕራቡ ጋ ነው" የሚለው ነገር ገና ከመነሻው አይሰራም።

ሎጂኩን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ኒያያ ጋ ይሂድ። የኒያያ መሰረት የሚባሉት አጫጭር አንቀጾች ጋውታማ የሚባል ሰው እንደጻፋቸው ይነገራል (ቡድሃው ጋውታማ አይደለም፣ ሌላ ነው)። ምሳሌው ለብዙ ዘመን ብዙም ያልተቀየረ አንድ ምሳሌ ነው፣ ተራራና ጭስ። አንድ ሰው ከሩቅ ተራራ ላይ ጭስ አየ፣ ለጓደኛው ሲያስረዳ እንዲህ ይላል፦ ተራራው ላይ እሳት አለ፣ ምክንያቱም ጭስ አለ፣ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ ለምሳሌ ማድቤት ውስጥ፣ ይሄ ተራራም እንደዛው ጭስ አለው፣ ስለዚህ ተራራው ላይ እሳት አለ። አምስት እርምጃ ነው። አርስቶትል ጋ ሶስት ይበቃል፣ ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ሶቅራጥስ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሟች ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ ሲያዩት የኒያያው ድግግሞሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ለራስ የሚደረግ ድምዳሜና ሌላ ሰው ለማሳመን የሚቀርብ ድምዳሜ የተለያዩ ናቸው ይላሉ፣ አምስቱ እርምጃ ለሁለተኛው ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ማድቤቱ ነው። አርስቶትል ጋ ሰውና ሟች የሚሉትን አውጥተህ በፊደል ብትተካቸው ክርክሩ እንዳለ ይጸናል፣ "ድመት ሁሉ ይበራል" ብለህ ብትጀምር እንኳ ድምዳሜው ከመነሻው በትክክል ከተከተለ ቅርጹ ትክክል ነው። ኒያያ ጋ ግን ምሳሌ ማምጣት አለብህ፣ ጭስና እሳት አብረው የታዩበትን ቦታ። ሀይቅንም እንደ ተቃራኒ ምሳሌ ያነሳሉ፣ እሳት የለም ጭስም የለም። ገልብጠህ ደሞ "እሳት አለ ስለዚህ ጭስ አለ" ብትል የጋለ ብረት ያመጡብሃል፣ ቀይ ሆኖ እሳት ይዟል ግን አይጨስም። ጭሱን ያመጣው እርጥብ እንጨቱ ነው፣ አንተ ሳታየው የገባ ቅድመ ሁኔታ ማለት ነው። ለኔ ይሄ የጋለ ብረት ነገር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

ቻርቫካዎች ደሞ መጡና ጭስ ሁሉ፣ ያለፈውም የሚመጣውም፣ ከእሳት ጋ መሆኑን ማን አይቶ ነው ብለው ጠየቁ፣ በአይን ከታየው ውጪ እውቀት አንቀበልም አሉ። ሂዩም በ1739 ያነሳው፣ ያለፈው ወደፊትም እንደሚደገም በምን እናውቃለን የሚለው ጥያቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ግን አንድ ናቸው ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም፣ ሂዩም ልማድ እንዴት እንደሚያሳምነን ለማሳየት ነው የደከመው። ወደ ህንዱ ስንመለስ፣ ከሂዩም ብዙ ዘመን ቀድሞ ቡድሂስቱ ዲግናጋ አንድ ምክንያት ማሟላት ያለበትን ሶስት መስፈርት አወጣ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደሞ ሚቲላ በሚባለው አካባቢ ጋንጌሻ የሚባል ሊቅ አዲሱ ኒያያ የሚባለውን አነሳው፣ ቋንቋው በጣም ቴክኒካል ስለሆነ ዛሬም አስተማሪ ከጎን ከሌለ ይከብዳል።

ስነምግባር ላይ ተማሪው ቶሎ የሚያያይዘው ጊታንና ካንትን ነው፣ ጊታ ማለት ጦርነት ሊጀመር ሲል በተዋጊው አርጁናና በአምላኩ ክሪሽና መሀል የተደረገ ንግግር ያለበት የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። አርጁና ሰረገላው ላይ ቆሞ ዘመዶቹን ከፊት ለፊት ሲያይ እጁ ይዝላል፣ ክሪሽና ፍሬውን ሳትመኝ ስራህን ስራ ይለዋል። ካንትም በ1785 የግዴታ ዋጋ ውጤቱ ላይ አይደለም አለ። ይመሳሰላል። ግን የካንት ህግ ለማሰብ ለሚችል ሁሉ እኩል ነው፣ ለአርጁና ግን ይሄ የተነገረው ተዋጊ ሆኖ ስለተወለደ ነው፣ የቫርና (በትውልድ የሚሰጥ የማህበረሰብ ደረጃ) ነገር አለበት፣ ይሄን ስርዓት የታገለው አምቤድካርም አጥብቆ የተቃወመው እዚህ ላይ ነው፣ ይሄን ሳያነሱ ሁለቱን ማመሳሰል ግማሹን መደበቅ ነው። ውጤትን የሚያስቀድም እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሚልም አለ፣ ጃይኖችም አለመጉዳትን ከሁሉ በላይ ያደረጉ አሉ።

ህንድ ውስጥ ለከፍተኛ የመንግስት ስራ የሚሰጠው ፈተናም ለትምህርቱ ብዙ ተማሪ አምጥቷል። ፍልስፍናን የመረጠ ተፈታኝ እያንዳንዳቸው 250 ነጥብ የያዙ ሁለት ወረቀት ይፈተናል፣ ከ2013 ጀምሮ ደሞ ለሁሉም ተፈታኝ 250 ነጥብ ያለው የስነምግባር ወረቀት ገብቷል፣ "አንተ ባለስልጣን ብትሆን ምን ታደርጋለህ" አይነት ኬዝ ያለበት። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ካንትን በሁለት መስመር ኖት ሸምድዶ የሚገባ ሰው ተራራውንም ማድቤቱንም አያገኘውም።

ሁለቱን ወገን በእውነት ፊት ለፊት ያገናኘው በ1983 ፑኔ ላይ የተደረገው ስብሰባ ነው። ህንዳዊው ፈላስፋ ዳያ ክሪሽናና ጓደኞቹ የኒያያ ፓንዲቶችንና በእንግሊዝኛ የተማሩ ፈላስፎችን ሰብስበው ስለ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ሀሳብ በሳንስክሪት አወያዩአቸው። ራስል ፕሮፖዚሽን የሚለው፣ ማንም ባያስበው እውነት ወይ ሀሰት ሊሆን የሚችል ነገር፣ ኒያያ ውስጥ ልክ የሚገጥመው የለም፣ እዛ ያለው የአንድ ሰው በአንድ ሰአት የሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ገና ከቃሉ ትርጉም ጀመረ።