ላማሌራ፦ መሬት የነሳትን ከባሕር የምታገኝ መንደር

ላማሌራ በምሥራቃዊ ኢንዶኔዥያ፣ በሌምባታ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የምትገኝ የባሕር አዳኞች መንደር ናት። ሌምባታ ከፍሎሬስ በስተ ምሥራቅ ከተደረደሩት የሶሎር ደሴቶች አንዷ ስትሆን፣ በምዕራብ ከአዶናራ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከፓንታር ጋር ትዋሰናለች። በምሥራቅ ኑሳ ቴንጋራ ክፍለ ሀገር ሥር ራሷን የቻለች አውራጃ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የአውራጃዋ ዋና ከተማ ሌዎሌባ በሰሜን በኩል ስላለች፣ ወደ ላማሌራ የሚወርድ እንግዳ ደሴቲቱን አቋርጦ በተራራ መንገድ ለሰዓታት መንገላታት ይጠበቅበታል። መንደሯ ላይኛውና ታችኛው ተብላ ለሁለት ተከፍላለች፤ የሁለቱ ሕዝብ ቢደመር 2 ሺህ ገደማ ነው። የሚናገሩት ላማሆሎት የተባለው የአካባቢው ቋንቋ ያለውን የላማሌራ ዘዬ ነው። ስለዚህ ዘዬ በሰፊው የጻፈው ጎሪስ ኬራፍ የመንደሩ ተወላጅ ሲሆን፣ ኋላ ኢንዶኔዥያውያን ተማሪዎች የቋንቋቸውን ሰዋስው ከመጻሕፍቱ የተማሩለት ታዋቂ የቋንቋ ምሁር ለመሆን በቅቷል።

ላማሌራ በዓለም የምትታወቀው በእጅ በሚወረወር ጦር ዓሣ ነባሪ በማደን ነው። ፎቶ አንሺዎችም የሚመጡት ለዚሁ ነው። ለመንደሩ አኗኗር ቁልፉ ግን አደኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥጋው የሚከፋፈልበትና ወደ በቆሎ የሚለወጥበት መንገድም ጭምር ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ከላባሌካን ተራራ ግርጌ ያለው ዳርቻ ዐለታማና ገደላማ በመሆኑ ሞፈርም ዶማም አያስተናግድም። በአንጻሩ ከባሕሩ ጠርዝ ጥቂት ራቅ እንዳሉ ውኃው ወዲያው ይጠልቃል፤ በጥልቅ ባሕር የሚመገቡት ስፐርም ዓሣ ነባሪዎችም ከመንደሩ በዓይን በሚታይ ርቀት ያልፋሉ።

የመንደሩ አፈ ታሪክ አባቶች የመጡት ከሱላዌሲ ወገን ነው ይላል። በሴራም በኩል ዞረው ሌፓን ባታን በተባሉ ትንንሽ ደሴቶች ሰፍረው ሳለ የባሕር ማዕበል መኖሪያቸውን ስላጠፋው ወደ ሌምባታ ተሻገሩ። መሬቱ ባለቤት ስለነበረው በፈቃድ ሰፈሩ፤ የቀደሙት ባለ መሬቶች ዘሮች እስከ ዛሬ ዓሣ ነባሪዎችን ከባሕር የመጥራት ሥርዓት የሚፈጽሙት እነርሱ ናቸው፣ ከግዳዩም ድርሻ አላቸው። ከመጤዎቹ ሦስቱ መሪ ጎሳዎች ማለትም ብሊኮሎሎ፣ ባታኦናና ሌፎቱካ የመንደሩ ሦስት ጉልቻ ይባላሉ። አደኑ ራሱ የቆየ ለመሆኑ የጽሑፍ ምስክር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1624 የተጻፈ አንድ የፖርቱጋል ሰነድ በዚህ አካባቢ ያሉ ሰዎች ለዘይቱ ሲሉ ዓሣ ነባሪ እንደሚያድኑ ይናገራል።

ጀልባው ቴና ይባላል። ርዝመቱ 10 ሜትር አካባቢ ነው። ሳንቃዎቹ የሚጋጠሙት በእንጨት ችንካር ነው፤ የውስጥ አጥንቶቹም በገመድ ይታሰራሉ እንጂ የብረት ሚስማር አይገባባቸውም። ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቴና የአንድ ወገን የጋራ ንብረት ሲሆን የሳንቃዎቹ አደራደር ከአባቶች በወረደ ሥርዓት ይወሰናል፤ ጀልባው አርጅቶ ሲተካ አዲሱ የአሮጌውን ስም ይወርሳል። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ በሣር ክዳን ዳስ ሥር የተደረደሩት ጀልባዎች እንጨታቸው አዲስ ቢሆንም ስማቸው የቅድመ አያቶች ነው።

የአደኑ ወቅት ሌፋ የሚባለው ሲሆን ከግንቦት ወር አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚያ ውጭም ቢሆን አንድ ሰው ከዳርቻው የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ካየ «ባሌዎ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከቤት ቤት ሲዛመት ወንዶቹ የያዙትን ሥራ ጥለው ወደ ጀልባ ይሮጣሉ። በጀልባው አፍንጫ ላይ በተዘረጋው የቀርከሃ መቆሚያ ላይ የሚቆመው ጦረኛ ላማፋ ይባላል። ላማፋው ጦሩን ወርውሮ አይቆምም፤ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ይዞ ከነሰውነቱ ክብደት በእንስሳው ጀርባ ላይ ይዘላል። ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ገመዱ ሰው ይቆርጣል፣ ጅራቱ ጀልባ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ዓሣ ነባሪ የወጋውን ቡድን ከነጀልባው ጎትቶ ከመንደሩ እይታ አርቆ ወሰደው፤ በባሕር ላይ የተንከራተቱትን አዳኞች በመጨረሻ ያገኛቸው የቱሪስት መርከብ ነው። የሚታደነው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ስፐርም ዓሣ ነባሪ፣ ማንታ የተባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ዶልፊንና ሻርክ ይወጋሉ፤ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ግን አባቶችን ረድቷል ተብሎ ስለሚታመን አይነካም።

ግዳዩ ወደ ዳርቻ ሲጎተት ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል። ሥጋው እንደ ዘፈቀደ አይቆረጥም። የትኛው ክፍል ለላማፋው፣ የትኛው ለቀዛፊዎች፣ የትኛው ለጀልባው ባለቤት ወገን አባላት እንደሚደርስ ከጥንት የተደነገገ ነው። ባሕር ላይ ያልወጡትም ይካፈላሉ፤ ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ የጦሩን ብረት የቀጠቀጠው ቀጥቃጭና ሸራውን የሠራው ሰው ድርሻ አላቸው። ድርሻው ቤት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለባል አልባ ሴቶች እንደገና ይከፋፈላል። አንድ አዋቂ ስፐርም ዓሣ ነባሪ በአሥሮች የሚቆጠር ቶን የሚመዘን በመሆኑ ክፍፍሉ በግምት ቢሆን ኖሮ መንደሩ በጠብ ያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በሴቶች እጅ ይገባል። ሥጋውና ጮማው ተዘልዝሎ በቀርከሃ መስጫ ላይ በፀሐይ ይደርቃል። ሴቶቹ የደረቀውን ሥጋ በቅርጫት ተሸክመው ወደ ተራራው ገበሬዎች ይወጣሉ፣ ወይም በየቅዳሜው በዉላንዶኒ ወደሚቆመው ገበያ ይወርዳሉ። እዚህ ገበያ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ በዕቃ ነው የሚለወጠው። ሁሉም የያዘውን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ልውውጡ የሚጀመረው የገበያው ኃላፊ ፊሽካ ሲነፋ ነው። መዳፍ የምታህል የደረቀ ሥጋ 12 ራስ በቆሎ ወይም 12 ሙዝ ታወጣለች፤ ጨውም ይለወጣል። የላማሌራ ቤተሰብ የዕለት ምግብ በቆሎው ስለሆነ፣ ሴቲቱ ተራራ ካልወጣች ላማፋው የቱንም ያህል ቢዘል ሌማቱ ባዶ ነው። ይህን የጉልበት ድርሻ ስለ መንደሩ የሚሠሩ አብዛኞቹ ዘገባዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ያስቆጨኛል። ሴቶቹ ሸማኔዎችም ናቸው፤ ክሩን አስረው በመንከር በሚሠሩት ጥበብ ላይ ጀልባና ማንታ ይቀርጻሉ፣ ጥሩው ልብስም ከዝሆን ጥርስ ጋር በጋብቻ ስጦታ ይገባል።

መንደሩ ካቶሊክ ነው። ሃይማኖቱ በስፋት የተተከለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለይ ቤርንሃርት ቦዴ በተባሉት ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ዘመን ነው። አሮጌው ሥርዓት ግን አልጠፋም፤ ሁለቱ ተጎራብተው ይኖራሉ። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ጎሳዎቹ በዳርቻው ተሰብስበው ቅሬታቸውን ይፈታሉ፤ ቤቱ የተጣላ ሰው ባሕር ላይ ጦሩ አይሰምርም ይባላልና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ መጨረሻ በባሕር ለቀሩት የነፍስ ጸሎት ይደረጋል፣ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ በአሸዋው ላይ ቅዳሴ ተቀድሶ ካህኑ ጀልባዎቹን ጸበል ይረጫሉ።

የውጭው ዓለም ላማሌራን ለማሻሻልም ለማስቆምም ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ኖርዌያዊ ባለሙያና ዘመናዊ መርከብ አምጥቶ ነበር፤ ሙከራው ግን ብዙም ሳይቆይ ቀረ። አያስደንቅም፦ መርከብ ለሸራ ሠሪና ለቀጥቃጭ ድርሻ አያውቅም። አሁን ያለው ሙግት ከተፈጥሮ ጥበቃ ጋር ነው። ስፐርም ዓሣ ነባሪ በኢንዶኔዥያ ሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ማንታ በመላ አገሪቱ እንዳይጠመድ ተከለከለ። በተግባር የላማሌራ የዓሣ ነባሪ አደን እንደ ባህል በዝምታ ታልፏል፤ በአንዳንዱ ዓመት ጥቂት ብቻ ሲገኝ በጥሩው ዓመት ከ20 ያልፋል። ጠበቅ ያለው ቁጥጥር ማንታው ላይ ነው፤ የማንታ ብራንኪያ (ዓሣው የሚተነፍስበት አካል) ወደ ቻይና ገበያ የሚሄድ ውድ ሸቀጥ በመሆኑ ይህ ከመንደሩ ጉሮሮ የዘለለ ንግድ ነው። ልዩነቱ ፍትሐዊ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ ማንታ በማጥመድ ልጁን ያስተማረ አባት ባይስማማበትም።

ከሁሉ በላይ መንደሩን እየለወጠ ያለው ግን ሞተር ነው። ዛሬ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ቴናውን እስከ ዓሣ ነባሪው ድረስ ይጎትቱታል፣ ዶልፊንና ማንታውንም ራሳቸው ያሳድዳሉ። ሸራው የሚሠራው በመንደሩ ውስጥ ነበር፤ ነዳጅ ግን በዉላንዶኒ ገበያ በሥጋ አይለወጥም፣ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው።