ማላመድ ምንድን ነው?

«ማላመድ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው ስለ ድንጉጥ አዳኝ ውሻ ሲመክር «አዲሱን የጂፒኤስ አንገት ማሰሪያ አጥልቅለትና ተወው፤ ሲታክተው ዝም ይላል፤ ማላመድ ማለት ይኸው ነው» ማለቱን ስሰማ ማለፍ አቃተኝ። እርሱ የገለጸው ማጥለቅለቅ የሚባለውን፣ ፈሪውን ማምለጫ በሌለበት ከሚፈራው ነገር ጋር የማቆየት ዘዴ ነው። ማላመድ ግን የሚያስፈራውን ነገር ፍርሃት በማይቀሰቅስ መጠን ማቅረብና እንስሳው ተረጋግቶ በቆየ ቁጥር መጠኑን በጥቂቱ መጨመር ነው።

ዋና የማይችል ሰው ከወንዝ ጋር የሚተዋወቀው መጀመሪያ ዳር ተቀምጦ፣ ቀጥሎም ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን እያስነካ ነው። ጥልቁ ውስጥ ገፍትረው የጣሉት ሰው በሕይወት ቢወጣ እንኳ የገፋውን እጅ አይረሳም፤ ውሻም እንዲሁ ፍርሃቱን ከማሰሪያው አልፎ ወደ ባለቤቱ እጅና ወደ አደን ሜዳው ሊያዛምተው ይችላል። በዚሁ ወንዝ ልቀጥልና፣ ራስጌው ላይ ዝናብ ከጣለ ትናንት ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረው ውሃ ዛሬ ወገብ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ቃጭል ታስሮለት ደንታ ያልሰጠው ውሻ በማያውቀው ጫካ፣ ነፋስ በሚያስጮኸው ቁጥቋጦ መሃል፣ በዚያው ቃጭል ሊሸበር የሚችለው ስለዚህ ነው። ባለቤቶች ይህን እልኸኝነት ወይም ንቀት ይሉታል፤ የጨመረው ግን ውሃው ስለሆነ ወደ ዳር መመለስ ይበቃል።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። «መታገሉን ትቶ ተኝቷል፣ ስለዚህ ለምዷል» የሚለው ድምዳሜ እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሴሊግማንና ማየር በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ ካሳየው ነገር ጋር ይጋጫል፦ ሊያስቆሙት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ያለፉ ውሾች በኋላ መውጫ ሲከፈትላቸው እንኳ አብዛኞቹ ተኝተው ተቀበሉት። (በ2016 ሁለቱ ማብራሪያቸውን አርመዋል፤ ዝም ማለቱ ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው፣ የሚማሩት ሁኔታውን መቆጣጠር መቻልን ነው ይላሉ። ይህ እርማት ዝምታው ከመልመድ የመጣ አለመሆኑን ስለሚናገር ለእኛ ጉዳይ ነገሩን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም።) የለመደ ውሻ ሰውነቱ ዘና ያለ ነው፣ ያሸታል፣ ይበላል። በድን ሆኖ የቆመ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ፣ ሳይርበው ከንፈሩን የሚልስ፣ ሳይደክመው የሚያዛጋና የሚወደውን ሥጋ የማይነካ ውሻ ግን ዝም ይበል እንጂ አልለመደም።

ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፤ ወንዝ ለደፋሩ ምንም አይሰጥም፣ እኛ ግን ለውሻው የሚወደውን ምግብ እንሰጣለን። ፍርሃትን በደረጃ የማላመድ ሕክምናን ያዳበረው የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ከሰዎች በፊት በድመቶች ላይ ሲሠራ የሚፈሩትን ክፍል በሚመስሉ ቦታዎች እየመገበ በደረጃ ያቀርባቸው ነበር። ሆኖም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ማሰሪያው ይታያል፣ ወዲያው ሥጋው ይከተላል። ሥጋ አሳይቶ አጠገብ ጠርቶ ድንገት ማሰሪያ የሚያጠልቅ ሰው ነገሩን ስለሚገለብጠው ሥጋው ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆናል፤ ውሻው ከእጅ መብላት አቆመብኝ የሚሉኝ ሰዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ችግሩ ፍርሃት ከሆነ ብቻ ነው። ማሰሪያው ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነ፣ ወይም ለረጅም ሰዓት ከመታሰሩ የተነሣ ቆዳውን አቁስሎት ከሆነ፣ ሕመምን ማላመድ አይቻልም፤ አይገባምም። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ስለሚሰማ፣ ለእኛ ጸጥ ያለው የማሰሪያው መሣሪያ ለእርሱ የሚያፏጭ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት የማይደነግጥ የነበረ ውሻ በእድሜው አጋማሽ ድንገት ዕቃ መፍራት ከጀመረም ከማላመዱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ስንት ቀን ይፈጃል ለሚለኝ፣ በቀን የሚቆጠር ሥራ አይደለም። የአደኑ ወቅት ማላመዱ ሳያልቅ ከደረሰ ውሻው በአሮጌው ማሰሪያ ይውጣ፤ አዲሱ ቤት ይቆየው።