ጸጥተኛ ኩለር ምንድን ነው?

የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ላይ ታስሮ ሙቀቱን የሚያወጣለት ኩለር ብረቱ አይጮኽም። የሚጮኸው ፋኑ ነው፤ እሱም የሚጮኸው ብዙ ሙቀት በትንሽ ብረት ላይ ሲጫንበት መፍጠን ስላለበት ነው። ጸጥተኛ ኩለር ማለት እንግዲህ ብረቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ፣ ፋኑ ዝግ ብሎ እየዞረ ሥራውን የሚወጣበት ኩለር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዴሲቤል ቁጥር ብቻውን ለመምረጥ አይበቃም፤ አምራቾች ሁሉ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ዓይነት ክፍል አይለኩም።

ሥራው እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚነካው መሠረት ሙቀቱን ተቀብሎ ለመዳብ ቱቦዎች ያስተላልፋል። ሂት ፓይፕ የሚባሉት እነዚህ ቱቦዎች ውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አለ። ውኃው ከታች ይተናል፣ ላይ ከአሉሚኒየም ቅጠሎቹ ዘንድ ሲደርስ ቀዝቅዞ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ በኩል ተስቦ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ምንም ድምፅ የለም። ፋን የሚያስፈልገው ቅጠሎቹ ላይ የተከማቸውን ሙቀት ለመግፋት ብቻ ነው።

የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ለጆሮ 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ድምፁ ግማሽ ያህል ሆኖ መሰማት ነው። በደቂቃ 1,800 ዙር እየዞረ የሚጮኽን ፋን ወደ 900 ማውረድ የቻለ ሰው የአየሩን ግማሽ ከፍሎ ከድምፁ ከግማሽ በላዩን አስወገደ ማለት ነው። የ120 ሚሊ ሜትር ፋን ከ92ቱ በስፋት 1.7 እጥፍ ስለሚሆን ዝግ ብሎም በቂ አየር ይገፋል። ትንሽ ኩለር ላይ ውድ ፋን ከመግጠም መካከለኛ ፋን ያለው ትልቅ ኩለር መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አዳማ ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በተለይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ማተሚያ ወይም ቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የክፍሉ ሙቀት ደግሞ በቀጥታ ይደመራል፤ በ22 ዲግሪ ክፍል 70 የሚያሳይ ፕሮሰሰር በ32 ዲግሪ ክፍል በዚያው ፍጥነት 80 ገደማ ያሳያል። ከፍታም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በስድስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር «ይበቃል» የተባለውን ኩለር እዚህ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ብልህነት ነው።

ለ65 ዋት ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ ለኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ወይም ለኢንቴሉ ኮር አይ5-12400፣ አራት ሂት ፓይፕ እና አንድ የ120 ፋን ያለው ነጠላ ታወር ኩለር ጸጥ ብሎ ይሠራል። ለ105 ዋትና ከዚያ በላይ ስድስት ሂት ፓይፕ ያለው ድርብ ታወር ይሻላል። «65 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ግን ሙሉ እውነቱን አይናገርም፤ 5600 ሲጨነቅ እስከ 76 ዋት፣ 12400 እስከ 117 ዋት መሳብ ይችላል። 253 ዋት ድረስ የሚስበውን ኮር አይ9-13900ኬ በሙሉ ጭነት በአየር ጸጥ አሰኛለሁ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። ከሁሉ ርካሹ ጸጥታ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ የዋት ገደቡን ዝቅ ማድረግ ነው። ራይዘን ላይ ኢኮ ሞድ ይባላል፤ ራይዘን 7 7700ኤክስን ከ142 ወደ 88 ዋት ያወርደዋል፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ልዩነቱን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም።

ከመግዛትዎ በፊት የጎኑን ክዳን ከፍተው ኮምፒውተሩን ለ15 ደቂቃ ከባድ ሥራ ያሠሩት። ሙቀቱ ክዳኑ ተዘግቶ ከነበረው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር መግቢያና መውጫ ነው፤ ፊት ለፊት አንድ ፋን መጨመር ይቀድማል። ጩኸቱም ከፓወር ሰፕላይ ወይም ከግራፊክስ ካርድ ሊሆን ስለሚችል ጆሮን አስጠግቶ መለየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ማስመሪያ ይዘው ከፕሮሰሰሩ ገጽ እስከ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ይለኩ። ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ 155 ሚሊ ሜትር፣ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 165 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ቀጭን ኬዝ ውስጥ አይገቡም። የፊተኛው ፋን ራም (የማስታወሻ ካርድ) ላይ ስለሚያጠላ ረጃጅም ባለ መብራት ራም ፋኑን ወደ ላይ ያስነሳዋል፣ ቁመቱም ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬትም ይታይ፦ በኢንቴሉ ኤልጂኤ1200 የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1700 ላይ 78 ነው፣ ስለዚህ አሮጌ ማሰሪያ አይገጥምም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ የራሳቸው ቀዳዳና የራሳቸው የፋን ሶኬት ስላላቸው ሱቅ ላይ ያለው ኩለር አይገጥማቸውም፤ ቢገጥም እንኳ ሲነሱ የፋን ስህተት ያሳያሉ።

ጥሩ ኩለር ገጥሞ ባዮሱን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። የሚያሰለቸው ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነውን ጆሮ ይለምደዋል። ባዮሱ ውስጥ የፋኑን ፍጥነት ፕሮሰሰሩ እስከ 60 ዲግሪ እስኪደርስ 35 በመቶ ላይ ያድርጉት፣ በ75 ዲግሪ 60 በመቶ፣ በ85 ላይ 100 ያድርጉት፤ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት 3 ወይም 4 ሰከንድ እንዲዘገይ ያስተካክሉ። ባለ ሦስት ፒን ፋን ከሆነ ባዮሱ ላይ የፋን መቆጣጠሪያ ዓይነቱ ከፒደብሊውኤም (ለባለ አራት ፒን) ወደ ዲሲ (በቮልቴጅ የሚቆጣጠር) ካልተቀየረ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል።

ሲገጠም፣ በመሠረቱ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ መላጡን መጀመሪያ ያረጋግጡ። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ የአተር ፍሬ ታህል በቂ ናት። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻ ሳያጠብቁ በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንድ ጎን ከላላ ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 90 ይዘላል። አሮጌ ኩለር ከኤኤም4 (የራይዘን ሶኬት) ላይ ሲነሳ ግን በቀጥታ ወደ ላይ አይሳብም፤ የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎት ፒኖቹን ያጣምማል። ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርተው ፔስቱን ያሙቁት፣ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ አዙረው ያንሱት።

አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናትና ነፋሱ አቧራውንም ይዞ ይገባል። በበጋ በየሁለት ወሩ በለስላሳ ብሩሽ ቅጠሎቹን ማጽዳት ያስፈልጋል። በመንፊያ ሲጸዳ የፋኑ ምላጭ በጣት ይያዝ፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ ሲዞርም መንቀጭቀጩን አይተውም።