የመሪ መካከለኛ ዘንግ ምንድን ነው? ያገለገለውስ መቼ ይገጠማል?

ከሾፌሩ መሪ ወርዶ ሻሲው ላይ ከታሰረው የመሪ ሳጥን ጋር የሚገናኘው ዘንግ ነው። ካቢናና ሻሲ በጉዞ ላይ ለየብቻ ስለሚወዛወዙ ግትር ብረት አይሆንም፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ (በየአቅጣጫው የሚታጠፍ የመስቀል መጋጠሚያ)፣ መሃሉ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ክፍል አለው። በቆዩ ፒክአፖች ላይ በአንዱ ክሮቼራ ፈንታ ጎማ መጋጠሚያ ይገኛል። ጎማው ሲሰነጠቅ መሪው ይዞራል፣ የፊት እግር ግን ዘግይቶ ይከተላል። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ሸቭሮሌት ፒክአፕ ያላቸው ሰዎች የጂፕ ቼሮኪ ዘንግ ከአሮጌ መኪና ፈተው የሚገጥሙት ይህን ጎማ ለማስወገድ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ መሪ ሲላላ ብዙ ሰው ወዲያው ዘንግ ፍለጋ ይሮጣል። መጀመሪያ ይፈትሹ፦ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ከታች ይመልከት። የዘንጉ ላይኛው ጫፍ ዞሮ ታችኛው ከዘገየ ጥፋቱ ዘንጉ ላይ ነው። ሁለቱም እኩል ዞረው ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ከቆመ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ክንዱ ዞሮ የፊት እግር ካልዞረ ደግሞ ታይሮዱን፣ ማለትም ወደ እግሩ የሚሄደውን ማገናኛ ዘንግ፣ ይዩ።

ያገለገለ ዘንግ ሲገዙ፣ ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራም ይምጣ ከኮምቦልቻ፣ የሳጥኑን መግቢያ ዘንግ ጥርስ ቆጥረውና ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው ይሂዱ። 30 ጥርስና 36 ጥርስ በአንድ ውፍረት ሊገኙ ይችላሉ፤ በመዶሻ ተመትቶ የገባ ጥርስ ተላልጦ አንድ ቀን ባዶውን ይዞራል። ክሮቼራውን በእጅ ያጣጥፉት፦ የሚንገጫገጭም፣ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝም አይገዛ።

ሲፈቱ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው መሪውን እንዳይዞር ከመቀመጫው ጋር ይሰሩ፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ባትሪውንም ይንቀሉ። መሪው ብቻውን ከዞረ ውስጡ ያለው የኤርባግ ሽቦ ይበጠሳል። ማጥበቂያው ቡሎን ከወጣ በኋላ የመጋጠሚያውን ስንጥቅ በካቻቢቴ ከፈት ያድርጉ እንጂ ዘንጉን ወደ ሳጥኑ አይደብድቡ፤ መደብደብ የሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ሲገጥሙ በመካከለኛው ዘንግ ሁለት ጫፍ ያሉት የክሮቼራ ሹካዎች በአንድ መስመር ይዋሉ። አንዱ ከተዛነፈ መሪው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይከብዳል፣ ሁለት ጊዜ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ በከንቱ ሳጥኑ ላይ የሚላከከው ይህ ነው። ማጥበቂያው ቡሎን በዘንጉ ጎድጓዳ ማለፍ አለበት፤ አዲስ፣ ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተጻፈበት ይሁን።

አጭር ሆነ ብሎ መበየድ አይሞከርም። ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ተንሸራታቹን ክፍል ዘግቶ የተበየደ ዘንግ ደግሞ በግጭት ጊዜ ታጥፎ ከመግባት ይልቅ እንደ ጦር ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል። የሚበቃ ሌላ ዘንግ ይፈለግ።

ሞተሩን አስነስተው መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ያዙሩ፤ ዘንጉ ጭስ ማውጫውንም ሆነ ሻሲውን አይንካ። የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ጭነት ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይታያሉ።