ፋይል አልከፈት ሲል፦ የጋራ ፎልደር በሰሜን ሸዋ ቢሮዎች

«ፋይሉ አልከፈት አለኝ» በሰሜን ሸዋ ቢሮዎች የአይቲ ባለሙያ ጆሮ የለመደው አቤቱታ ነው። ይህ ዳሰሳ አሮጌና አዲስ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ አልፎ አልፎም ማክ በአንድ ኔትወርክ ላይ ፋይል ሲለዋወጡ የሚገጥመውን ችግርና መፍትሔውን ይመለከታል። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ። እዚህ የተባለው ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው በአማራ ክልል ያለው ነው። ፍቼን ማዕከል ያደረገው የኦሮሚያው ዞን የሚሠራው በቁቤ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ካለው የፊደል ጣጣ አብዛኛው አይነካውም።

አመጣጡ

መጀመሪያ ፋይል በፍሎፒ፣ ኋላም በፍላሽ ይዞር ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የወረዳ ቢሮዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ወረዳኔት መጣ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ይህ ለዞኑ ትልቅ ነገር ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ መጠበቅ እየቀረ፣ እዚሁ ብርዱ ላይ ተምሮ የወጣ ልጅ ኬብል መግጠም ጀመረ።

የፊደል ጣጣ

ፋይል ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ የሚታማው ቫይረስ ነው፤ ቀጥሎ ኬብል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፎንት ነው። ፋይሉ ተከፍቷል፤ የማይነበበው ጽሑፉ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0ኛው እትም ነው። ያኔ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። የእንግሊዝኛው ፊደል በተመደበበት ቁጥር ላይ የአማርኛውን ሥዕል አስቀመጡ። የዚያ ዘመን ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ስለነበረ ፊደላችን አልበቃው አለ። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፈለ። ሌላው እንደ ድሮው ታይፕራይተር ቅጥያውን እየገጣጠመ ሠራ። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ስለዚህ ባለሙያ መጀመሪያ ስክሪኑን ያያል። የታየው የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ከሆነ ጽሑፉ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ነው። ጽሑፉን መርጦ ከላይ የፎንቱን ስም ማንበብና ያንኑ ፎንት መጫን ይበቃል። የታየው ባዶ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የግዕዝ ፎንት የለውም። ይህ በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የተለመደ ነበር። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ሳጥኑ እየጠፋ መጣ። ሦስተኛው ምልክት ጭረት የተደረገበት የፈረንጅ «ኤ» በየቦታው መደጋገሙ ነው። ይህ ሲኤስቪ፣ ማለትም ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል፣ በኤክሴል ሲከፈት ይመጣል። ፋይሉን በቀጥታ ጠቅ ማድረግ ትቶ፣ ከዳታ ሜኑ ውስጥ አስገብቶ 65001 የሚለውን ኮድ መምረጥ ነው። እሱ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ማለት ነው።

አሮጌው ፎንት ይቅር ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ማተሚያ ቤቶች አካባቢ መልኩ ያምራል የሚል አለ። ይሁን። ፓወር ግዕዝም ቢሆን በኋላ ዩኒኮድ ፎንት ይዞ መጥቷል። ጣጣው ጸሐፊዋ የትኛውን መርጣ እንደጻፈች አለማወቋ ነው። ለማንበብ ብቻ የሚላክ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ቢላክ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ክርክሩ ያልቃል። በቴሌግራም ለስልክ የሚላከውም እንዲሁ ነው። አሁን ያሉት ስልኮች ዩኒኮድ አማርኛ ያነባሉ፤ አሮጌውን ፎንት ግን አያውቁትም።

የፋይል ስም

የእኛ ሰው እዝባር ይወዳል። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ የደብዳቤ ቁጥር ሲሆን ደግሞ 045/2016። ዊንዶውስ ግን እዝባርን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ለሊኑክስም እዝባር የፎልደር መለያ ነው። ማክ ላይ ግን መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ማክ ላይ «ት/ቤት» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ጋ ሲደርስ ስሙ ውስጥ እንግዳ ምልክት ገብቶ ይገኛል። መፍትሔው በሰረዝ መተካት ነው። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብም በዊንዶውስ ክልክል ነው፤ የእኛው «፡» ግን ይፈቀዳል። ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይዛመዱም።

ሊኑክስ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስ በተለምዶ አይለይም። በዚህ የተነሳ ፈረንጅ ብዙ ይቸገራል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እኛ ከዚህ ተርፈናል። ዋጋውን የምንከፍለው በሞክሼ ፊደላት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ የኤክሴል ማጠቃለያ ከሌላ ፋይል ቁጥር መሳብ አቆመና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ኬብል ስፈትሽ ዋልኩ። ለካ አንድ ሥርዓት ወዳድ ሰው «አመታዊ» የሚለውን የፋይል ስም «ዓመታዊ» ብሎ አርሞታል። ሰዋስዉ ትክክል ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አ እና ዐ አንድ ናቸው አይልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው።

ኔትወርኩ ላይ አይታይም

ዊንዶውስ ፋይል ሼር የሚያደርግበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። መነሻው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቢኤም ውስጥ ነው። ሊኑክስ ይህን ቋንቋ የሚናገረው ሳምባ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሳምባን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ነው። ስሙን ያገኘውም ኤስ፣ ኤምና ቢ ያሉበትን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው ይባላል።

ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ አሮጌ ስሪት ክፍተት ገብቶ ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ አዲስ ሲጫን ይህን አሮጌ ስሪት ይዞ አይመጣም። ሳምባም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.11 ስሪቱ ዘጋው። ጥግ ላይ ተቀምጦ በክብር «ሰርቨር» የሚባል አሮጌ ኤክስፒ ያለው ቢሮ፣ አዲስ ኮምፒውተር በገባ ቀን ፎልደሩ የጠፋው ለዚህ ነው። ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልክ የቆየ ኮፒ ማሽንም በዚሁ ምክንያት ሥራ ያቆማል። አሮጌውን ስሪት መልሶ ማብራት ይቻላል፤ የሚመክሩም አሉ። ስህተት ነው። ፋይሉን ወደ አዲሱ ማሽን ማዛወር ይሻላል።

ፍተሻው በቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ፒንግ፣ ማለትም ሌላውን ኮምፒውተር በኔትወርኩ «አለህ ወይ» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ። መልስ ካለ ኬብሉ ደህና ነው። ቀጥሎ በስም መፈለግ ትቶ \\192.168.1.10 ዓይነት አድራሻ በቀጥታ መጻፍ። በዚያ ከተከፈተ ፎልደሩ አልጠፋም፣ ስሙን ማግኘት ነው ያቃተው። ፓስወርድ ከጠየቀ ወይም ከከለከለ ደግሞ ፎልደሩ ያለበት ማሽን ላይ ፓስወርድ ያለው ተጠቃሚ መክፈት ነው። ያለ ፓስወርድ መግባትን አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች እየከለከሉ ነው።

ቀንና ቁልፍ

ቀናችንን በቁጥር ስንጽፍ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ያነበዋል። 30/02/2016 ለእኛ ጥቅምት 30 ነው። ለኤክሴል የካቲት 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ቅደም ተከተል ሲያዝም ይሳሳታል። ጳጉሜን 5፣ ማለትም 05/13/2016፣ በአሜሪካ አቀማመጥ በተስተካከለ ማሽን ላይ የፈረንጅ ሜይ 13 ይሆናል። ጎን ያለው በእንግሊዝ አቀማመጥ የተስተካከለ ማሽን ግን ቀን መሆኑንም አያምንም። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የመጨረሻው «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» የሚለው መልእክት ነው። ዎርድ ፋይል ሲከፍት አጠገቡ በ~$ የሚጀምር የተደበቀ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል፤ ሲዘጋ ያጠፋዋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ሳይጠፋ ይቀራል። በማግሥቱ ሥራ ገበታው ላይ የሌለ ሰው ፋይሉን ይዟል ይባላል። መልእክቱ የያዡን ስምም ይነግራል፤ ብዙ ጊዜ «ዩዘር» ነው የሚለው። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ከአንድ ፍላሽ ስለተጫነ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዩዘር ነው። ፋይሉን የከፈተ ሰው አለመኖሩን በየክፍሉ እየዞሩ ጠይቆ ያችን ትንሽ ፋይል ማጥፋት ነው።