ጁንበግ፦ ከቺካጎ የመጣች ምራት

ጁንበግ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእይታ የበቃ የአሜሪካ የቤተሰብ ድራማ ነው። ዳይሬክተሩ ፊል ሞሪሰንም ሆነ ደራሲው አንገስ ማክላክላን የሰሜን ካሮላይናዋ ዊንስተን ሳሌም ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙም የተቀረጸው እዚያው አካባቢ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ፋፍታውን ነው። ሞሪሰን ቀደም ሲል የሙዚቃ ክሊፕና ማስታወቂያ ይሠራ ስለነበር ይህ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልሙ ነው። ወጪውም በሆሊውድ ሚዛን ከቁጥር የማይገባ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ማዴሊን (ኤምቤዝ ዴቪድዝ) በቺካጎ የሥዕል ጋለሪ አላት። ያደገችው ከአገር አገር በሚዛወር የዲፕሎማት ቤት ውስጥ ነው። ጆርጅ (አሌሳንድሮ ኒቮላ) ከሚባል የአሜሪካ ደቡብ ልጅ ጋር በአንድ የጨረታ ምሽት ትተዋወቅና ብዙም ሳይቆዩ ይጋባሉ። ከወራት በኋላ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲጓዙ ታዲያ የወሰዳቸው የአማት ናፍቆት አይደለም። ማዴሊን በገጠር የሚኖረውን ሠዓሊ ዴቪድ ዋርክን የኒውዮርክ ተቀናቃኝ ሳይቀድማት ልታስፈርመው ትፈልጋለች። የባሏ ወላጆች ቤት ቅርብ ስለሆነ እግረ መንገዳቸውን ይገባሉ። ልጃቸው ስንት ጊዜ ቀርቶ ሚስቱን ይዞ የመጣው ለሥራ ጉዳይ መሆኑ ለቤተሰቡ የሚሰወር ነገር አይደለም።

የዋርክ ሥዕሎች የእርስ በርስ ጦርነትን፣ ባርነትን፣ ሃይማኖታዊ ራእይንና ወሲብን አንድ ሸራ ላይ ያደባልቃሉ። ሰውዬው ልብ ወለድ ነው፤ ሥዕሎቹን ለፊልሙ የሣለችው አን ውድ ናት። ንግዱ ግን እውነተኛ ነው። በአላባማ በባርነት ተወልዶ በስተርጅናው መሣል የጀመረው ቢል ትሬይለር፣ የጆርጂያው ሰባኪ ሃዋርድ ፊንስተርና ሌሎችም የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ የደቡብ ሰዎች ሥራዎቻቸው በትልልቅ ከተሞች ውድ ዋጋ ያወጣሉ። የዚህ ጥበብ አንዱ ማዕከል ቺካጎ ሲሆን፣ ለዚሁ ተብሎ በ1991 የተመሠረተው ኢንቱይት የተባለው ሙዚየም የሚገኘውም እዚያ ነው። ማዴሊንም ደቡብን የምታውቀው በዚህ በኩል ነው። በሸራ ላይ ያስደነቃት እንግዳ ነገር በእራት ገበታ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ግን መግቢያው ይጠፋባታል።

ገበታው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? እናትየዋ ፔግ (ሴሊያ ዌስተን) ምራቷን ከላይ እስከ ታች መዝና ገና በመጀመሪያው ቀን ፈርዳባታለች። አባትየው ዩጂን (ስኮት ዊልሰን) ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ እንጨት የሚቀርጽ ዝምተኛ ሰው ነው። ታናሽ ወንድም ጆኒ (ቤን ማኬንዚ) ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሰም፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ከወላጆቹ ቤት አልወጣም። ሚስቱ አሽሊ (ኤሚ አዳምስ) ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ማዴሊንን በደስታ የሚቀበላት እሷ ብቻ ናት፤ ጥያቄዋም አያልቅም።

ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ትንሽ ትዕይንት የጆኒ ነው። አሽሊ ሚርካት የተባሉትን ትንንሽ የአፍሪካ እንስሳት አብዝታ ትወዳለች። ጆኒ ስለ እነሱ የሚያወራ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ሲያገኝ ሊቀዳላት ካሴት ፍለጋ ቤቱን ያተራምሳል። ሳይሳካለት ይቀርና ንዴቱን በራሷ በአሽሊ ላይ ይወጣዋል። ፍቅሩን ያየው ተመልካቹ ነው፤ ለእሷ የደረሳት ቁጣው ብቻ ነው።

ሌላው የሚነሳው የቤተ ክርስቲያኑ ማዕድ ነው። ጆርጅ እንዲዘምር ይጠየቅና ዊል ቶምፕሰን በ1880 የደረሰውን፣ ኃጢአተኛውን ወደ ቤትህ ተመለስ የሚለውን መዝሙር ቃል ሳያጓድል ይዘምረዋል። ማዴሊን እንዲህ ያለ ባል እንዳገባች አታውቅም ነበር። ብዙዎች ፊልሙን ከተማና ገጠር ተጋጩበት ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ግጭቱ የሚከብደው በጆርጅ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ እሱ ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ ይሰወራል፣ ዝም ይላል፤ ሚስቱን ከቤተሰቡ ጋር የማገናኘቱን ሥራ ለማንም ሳይሰጥ ይተወዋል።

አሽሊን ምጥ ሲይዛት ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል፤ በዚያው ሰዓት ዋርክ ከእጅ ሊያመልጥ ነው። ማዴሊን ወደ ሠዓሊው ትሄዳለች። ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል። አሽሊን በሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ የሚያጽናናት ጆርጅ ነው። ፊልሙ ማዴሊንን አይራገምም፤ ውሉ ለእሷ እንጀራዋ መሆኑን ሲያሳየን ቆይቷልና።

አንድ ጉድለት ግን አለው። ዊንስተን ሳሌም በሬይኖልድስ ትንባሆ ፋብሪካ የቆመች ከተማ ናት፤ በ1940ዎቹ በዚያ ፋብሪካ ጠንካራ የሠራተኞች ማኅበር ካቋቋሙት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ግን የጥቁር ነዋሪዎች ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ከሰዎቹ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ዋርክ የሣላቸው ባሪያዎች ምስል ነው።

ጁንበግ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ታይቶ ኤሚ አዳምስን ለትወናዋ የዳኞች ልዩ ሽልማት አስገኝቶላታል፤ በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር የታጨችውም በዚሁ ነው። ማክላክላን በኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኗል። በ2023 በሰንዳንስ ያሳየው ኤ ሊትል ፕሬየርም የሚያጠነጥነው በዊንስተን ሳሌም በሚኖሩ አማትና ምራት ላይ ነው፤ በዚህኛው ግን ለምራቲቱ የሚቆረቆርላት አማቷ፣ የባሏ አባት ነው።