በአንድ ሙሌት የሚኬድ ርቀት ምንድን ነው? ተሳቢ ለመጎተት ፒክአፕ ለሚገዛ ሰው

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፒክአፕ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው መስኮቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። መኪናው በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ በትልልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባወጣው የፍተሻ ሥርዓት የተገኘ ነው። ፍተሻው የሚደረገው ግን ከኋላ ምንም ሳይታሰር ነው። ጀልባ፣ ሁለት ፈረስ ወይም ካምፐር የሚሉትን በጎማ ላይ የቆመ ቤት ሊጎትት ላሰበ ገዢ ወረቀቱ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ፣ ለከባድ ጉተታ የተሠሩት እንደ ፎርድ ኤፍ-250 እና ራም 2500 ያሉት መኪኖች የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ጨርሶ አይለጠፍባቸውም። ከነጭነታቸው የተፈቀደላቸው ክብደት ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,850 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚበልጥ ሕጉ አያስገድዳቸውም።

በአንድ ሙሌት የሚኬድ ርቀት ማለት ታንኩ የሚይዘው ነዳጅ፣ መኪናው ጭነቱን እየጎተተ በሊትር በሚሄደው ኪሎ ሜትር ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሥራ ነው። ችግሩ ሻጩ ስለ መጎተት አቅም ሲጠየቅ ደረቱን ነፍቶ መልስ እየሰጠ፣ ተሳቢውን አስሮ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ሲጠየቅ ግን ወሬ መቀየሩ ነው።

በእውነተኛ መኪና እንየው። የ2021 ፎርድ ኤፍ-150፣ ባለ 3.5 ሊትር ተርቦ (አየር በግፊት የሚገባለት) ቤንዚን ሞተርና በአራቱም ጎማ የሚነዳው፣ ወረቀቱ ላይ በጋሎን 20 ማይል ይላል። ይህም በሊትር 8.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታንኩ 26 ጋሎን ወይም 98 ሊትር ከሆነ፣ ባዶውን ከ830 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ከኋላው ረጅምና ሰፊ ካምፐር ሲታሰር ግን እንዲህ ያለ መኪና በጋሎን 9 ማይል አካባቢ መውረዱ የተለመደ ነው። በሊትር 3.8 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ 98 ሊትሩ ከ372 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ታንኩ ጠብ እስኪል ድረስ የሚነዳ አስተዋይ ሾፌር ስለሌለ ሩቡ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፤ የቀረው 280 ኪሎ ሜትር ነው። ያው መኪና በ36 ጋሎን ታንክ ቢገዛ ግን መጠባበቂያው ተቀንሶ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩ አንድ፣ ፍጆታው አንድ፣ ልዩነቱ የታንክ ብቻ።

ይህ ልዩነት መንገድ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው የሚያሳየው በዩታ ግዛት የሚያልፈው አውራ ጎዳና 70 ነው። ከግሪን ሪቨር ከተማ እስከ ሳሊና 177 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ማደያ የለም። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ከ1,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 2,400 ሜትር እስኪደርስ ዳገት ይወጣል። ባለ 98 ሊትሩ ፒክአፕ ግሪን ሪቨርን በግማሽ ታንክ ቢያልፍ፣ በወረቀት ላይ 186 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በዚያ ዳገት ላይ፣ ነፋስ ከፊት እየመጣ፣ ያንን 9 ኪሎ ሜትር ትርፍ የሚያምን ሰው ነፍሱን በዕድል እጅ የሰጠ ነው።

ፍጆታን የሚያንረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ክብደት ይመስለዋል። ክብደት በእርግጥ ዳገት ላይና ከቆመበት ሲነሣ ዋጋ ያስከፍላል። ባዶውን ወደ ጅቡቲ ወርዶ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ግን ዋናው ጥፋተኛ አየር ነው። አሸዋ የጫነ ዝቅ ያለ ተሳቢ ከፒክአፑ ኋላ ተሸሽጎ ይሄዳል። ክብደቱ የዚያን እኩሌታ የማይሞላ ካምፐር ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አየሩን ይጋፈጣል፤ ነዳጁንም ይበላል። አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት ከ88 ወደ 113 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ሾፌር የአየሩን ግፊት ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከ55 ማይል፣ ማለትም ከ88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ትከለክላለች። ሕጉ የወጣው ለደኅንነት ቢሆንም ኪስንም ይጠብቃል። የፊት ነፋስም እንደ ተጨማሪ ፍጥነት ይቆጠራልና፣ እንደ ዋዮሚንግ ግዛት ባለ ነፋሻ ሜዳ የትናንቱ ስሌት ለዛሬ አይሠራም።

አንድ ዓይን የሚያታልል ነገር አለ። ተሳቢ ሲታሰር ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሚሆኑ ልዩነታቸውም ትንሽ ይመስላል። በሊትር 3.4 በሚሄድና 4.25 በሚሄድ መኪና መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ ግን የመጀመሪያው 147 ሊትር፣ ሁለተኛው 118 ሊትር ይጠጣል። ባዶ ሲነዱ በሊትር 8.5 እና 10.6 በሚሄዱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት በዚያው ርቀት 12 ሊትር አይሞላም። ስለዚህ ዘወትር ለሚጎትት ሰው ወረቀቱ ላይ ባለው ትልቅ ቁጥር መኩራራት ከንቱ ነው።

ታዲያ ናፍጣ ይሻላል? ከባድ ነገር እየጎተተ ብዙ ለሚጓዝ ሰው፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ አዎ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በ13 በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ይዟል። የናፍጣ ሞተር ጭነት ሲበዛበትም አይደነግጥም፤ ብዙ ተርቦ የቤንዚን ሞተሮች ግን ሲጨነቁ ሙቀታቸውን ለማብረድ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ይረጫሉ። ሌላም የማይወራለት ጥቅም አለ። በትልልቅ የከባድ መኪና ማደያዎች የናፍጣው መስመር ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ የቤንዚኑ ግን ለቤት መኪና የተሠራ ስለሆነ አሥር ሜትር ተሳቢ ይዞ መዞር ላብ ያስጠምቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጀልባ ለሚጎትት ግን የናፍጣ መኪና የመግዣ ዋጋና የጥገና ወጪ አይመለስም።

ሃይብሪድ፣ ማለትም የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የሚነዳው፣ ደግሞ አስቂኝ ነገር አለው። የኋላ ጎማ የሚነዳው የ2021 ኤፍ-150 ሃይብሪድ በጋሎን 25 ማይል ተሰጥቶታል። ባትሪው ግን 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ ቶሎ ያልቅና ሥራው ሁሉ ለቤንዚን ሞተሩ ይቀራል። ረጅም መንገድ ለሚጎትት ሰው የሚያተርፈው በባትሪው ሳይሆን 30.6 ጋሎን በሚይዘው ታንኩ ነው።

በኤሌክትሪክ ፒክአፕ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ2022 ለገበያ የቀረበው ኤፍ-150 ላይትኒንግ በትልቁ ባትሪ እስከ 320 ማይል፣ ማለትም 515 ኪሎ ሜትር፣ እንደሚሄድ ተመዝግቧል። ትልቅ ካምፐር ሲጎትት ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ምክንያቱ ሞተሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ጉልበቱ ብዙ የቤንዚን መኪና ያስንቃል። የ131 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው የያዘው ኃይል ከአራት ጋሎን ቤንዚን ያንሳል፤ 15 ሊትር ገደማ ነው። በዚያች 15 ሊትር 515 ኪሎ ሜትር መሄዱ የሚያስደንቅ ቁጠባ ነው፤ ግድግዳ የሚያህል ካምፐር ሲመጣ ግን ከዚያ ላይ የሚቆነጠር ትርፍ የለም። ብዙ የኃይል መሙያ ጣቢያዎችም መኪናው በአፍንጫው ገብቶ እንዲቆም የተሠሩ ስለሆኑ ተሳቢውን ፈትቶ ሌላ ቦታ ማቆም ግድ ይላል። ሐይቁ ከቤቱ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ፣ ማታ ግቢው ውስጥ ለሚሞላ ባለ ጀልባ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ከላይትኒንግ የሚሻል መኪና ልፈልግ ብሎ አይድከም።